የአንጎል ምስል የሚመልሰውና የማይመልሰው፦ የማሰብና የማስታወስ ችሎታን የሚጎዱ ሕመሞች ከጣና ዳር ሲታዩ

የማስታወስ፣ የማሰብ፣ የመናገርና የማመዛዘን ችሎታን የሚጎዱ ሕመሞች ምንጫቸው ብዙ ነው። የደም ሥር መዘጋት፣ የጭንቅላት ምት፣ ኢንፌክሽን፣ የሚጥል በሽታ፣ ዕጢ፣ የሆርሞንና የቪታሚን እጥረት፣ እንደ አልዛይመር ያለ አንጎልን ቀስ በቀስ የሚያመነምን በሽታ፣ ሁሉም ሰውን የልጁን ስም እስኪረሳና የሰፈሩ መንገድ እስኪጠፋው ሊያደርሱት ይችላሉ። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ታማሚው በዕድሜ የገፋ ከሆነ ደግሞ ቤተሰብ «ጃጀ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። የአንጎል ምስል ዋና ጥቅሙ እነዚህን ተመሳሳይ ሕመሞች መለያየቱ ነው። ይሁን እንጂ አንዱ መሣሪያ የሚመልሰውን ጥያቄ ሌላው አይመልሰውም፤ የትኛው ጥያቄ እንደሚቀድምም አገርና የበሽታ ዓይነት ይወስኑታል። በበለጸጉት አገሮች ምርምሩን የሚመራው «አልዛይመር ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ነው። ከዓባይ ማዶ፣ ከፎገራ ወይም ከደምቢያ ወደ ሆስፒታል ለሚመጣ ታማሚ ግን የሚቀድመው «ሊታከም የሚችል ነገር አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያዎቹና የሚያዩት

ተራ ራጅ የራስ ቅልን እንጂ አንጎልን አያሳይም። አሜሪካዊው ቀዶ ሐኪም ዋልተር ዳንዲ በ1918 እና በ1919 ባስተዋወቃቸው ዘዴዎች ምክንያት ሐኪሞች ለግማሽ ምዕተ ዓመት በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ አየር እያስገቡ ራጅ ያነሱ ነበር። ዘዴው ለታማሚው እጅግ የሚያሠቃይ፣ የሚያሳየውም የክፍተቶቹን ቅርጽ ብቻ ነበር። ይህን ያስቀረው ሲቲ ስካን ነው። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው መሣሪያ የመጀመሪያዋን ታማሚ ያነሳው በ1971 ለንደን በሚገኘው አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል ነበር፤ ሃውንስፊልድና አለን ኮርማክ በ1979 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

ሲቲ ስካን የራጅ ጨረር ጭንቅላትን ከብዙ አቅጣጫ ሲያልፍ ምን ያህሉ እንደተዋጠ ለክቶ ለእያንዳንዷ ነጥብ ቁጥር ይሰጣል። ውሃ 0፣ አየር -1000 ነው። ጤነኛ የአንጎል ሥጋ ከ30 እስከ 40 አካባቢ፣ አዲስ የፈሰሰ ደም ከ60 እስከ 80 አካባቢ ስለሚሆን ደሙ ነጥቶ ይታያል። ምርመራው በሰከንዶች ያልቃል። የአንድ ጊዜ የጭንቅላት ሲቲ ጨረር ወደ 2 ሚሊሲቨርት ይጠጋል፤ ይህም ሰው ከተፈጥሮ በአንድ ዓመት ከሚያገኘው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ኤምአርአይ ጨረር የለውም። በሰውነት ውሃ ውስጥ ያለውን ሃይድሮጅን በብርቱ ማግኔት አሰልፎ፣ በሬዲዮ ሞገድ ነክቶ፣ የሚመልሰውን ድምፅ አልባ ምልክት ወደ ምስል ይለውጣል። ፖል ላውተርበር በ1973 ያሳተመው ሐሳብና የፒተር ማንስፊልድ ሥራ በ2003 የኖቤል ሽልማት አስገኝተዋል። ለስላሳ የአንጎል ክፍሎችን፣ ነጩን ክፍል፣ ጥቃቅን ጠባሳዎችንና የአንጎልን ግንድ ከሲቲ እጅግ አብልጦ ያሳያል። ዋጋው ግን ከባድ ነው። በሆስፒታሎች የተለመደው 1.5 ቴስላ ማግኔት -269 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ መቀዝቀዝ አለበት። ማቀዝቀዣው መብራት በጠፋ ቁጥር ይጎዳል፤ ታማሚውም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይንቀሳቀስ መተኛት ይጠበቅበታል። ለሚቃዥ ወይም ለተረበሸ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

እነዚህ ሁለቱ የአንጎልን ቅርጽ ሲያሳዩ ሌሎች ሁለት ደግሞ ሥራውን ያሳያሉ። ፔት ስካን ጨረር የሚሰጥ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የት እንደተጠራቀመ ይለካል፤ ስኳር መሰሉ ንጥረ ነገር የትኛው የአንጎል ክፍል ጉልበት እንደሚጠቀምና የትኛው እንደደከመ ያመለክታል። በብዛት የሚያገለግለው ፍሎሪን-18 በ110 ደቂቃ ውስጥ ኃይሉ በግማሽ ስለሚቀንስ ፋብሪካው፣ ማለትም ሳይክሎትሮኑ፣ ከሆስፒታሉ ሊርቅ አይችልም። ሴይጂ ኦጋዋ በ1990 መሠረቱን የጣለለት ተግባራዊ ኤምአርአይ ደግሞ የደም ኦክስጅን ለውጥን ተከትሎ በሥራ ላይ ያለውን የአንጎል ክፍል ያሳያል። ይህ እስካሁን ከሕክምና ይልቅ የምርምር መሣሪያ ነው።

ሊድኑ የሚችሉት

ለመርሳት ምርመራ ሲቲ ስካን የሚታዘዝበት የመጀመሪያው ምክንያት በቀዶ ሕክምና ሊስተካከሉ የሚችሉ ሁኔታዎችን ለመፈለግ ነው። ከነዚህ ግንባር ቀደሙ በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም ነው። አንድ አዛውንት ከበቅሎ ይወድቃሉ፣ በዱላ ይመታሉ ወይም ደጃፍ ላይ ተንሸራተው ጭንቅላታቸውን ይጋጫሉ። ቁስሉ ይድናል፣ ነገሩም ይረሳል። በዕድሜ ምክንያት አንጎላቸው በመጠኑ የተኮማተረ ስለሆነ የተወጠሩት ትናንሽ የደም ሥሮች በቀላሉ ይበጠሳሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ንግግራቸው ይደባለቃል፣ እንቅልፍ ይበዛባቸዋል፣ አንድ እግራቸው ይከብዳል። ሲቲ ስካን ሲነሱ አንድ ወጥመድ አለ። አዲሱ ደም ነጭ፣ ያረጀው ጥቁር ሆኖ ሲታይ፣ ሁለትና ሦስት ሳምንት የሆነው ደም ግን ከአንጎሉ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም ይይዛል። ምስሉን የሚያነበው ሐኪም ደሙን ራሱን ሳይሆን ያደረሰውን ግፊት ይፈልጋል፤ የአንጎሉ መካከለኛ መስመር ወደ አንድ ጎን መገፋቱንና በዚያ ወገን ያሉት የአንጎል ሽብሽቦች መጥፋታቸውን ያያል። ሕክምናው የራስ ቅሉን በስቶ ደሙን ማፍሰስ ሲሆን፣ «ጃጁ» የተባሉት ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ቀድሞ ንቃታቸው ይመለሳሉ።

ሁለተኛው በአንጎል ክፍተቶች ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ክፍተቶቹን የሚያሰፋበት ሁኔታ ነው። በአዋቂዎች ላይ ሦስት ምልክቶች አብረው ይመጣሉ፦ እግር ከመሬት የተጣበቀ እስኪመስል አረማመድ መለወጥ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻልና መርሳት። መለኪያው ቀላል ነው። የፊተኞቹ የአንጎል ክፍተቶች ስፋት በዚያው ምስል ላይ ለሚገኘው የራስ ቅል ከፍተኛ ውስጣዊ ስፋት ይካፈላል። ክፍተቱ 46 ሚሊ ሜትር፣ ቅሉ 130 ሚሊ ሜትር ቢሆን ውጤቱ 0.35 ነው፤ ከ0.3 በላይ ከሆነ ክፍተቶቹ ሰፍተዋል ይባላል። ይህ ብቻውን ምርመራውን አይጨርስም፤ ከአከርካሪ ውሃ ተቀድቶ አረማመዱ መሻሻሉ ይታያል፣ ከተሻሻለም ውሃውን ወደ ሆድ የሚያፈስ ቱቦ ይገባል። ሦስተኛው ከአንጎል ሽፋን የሚነሳና ቀስ ብሎ የሚያድግ፣ ብዙውን ጊዜ ነቀርሳ ያልሆነ ዕጢ ነው። የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ሲጫን ከሽባነት በፊት የባሕርይ ለውጥና ግድየለሽነት ሊያመጣ ይችላል።

የደም ሥሮች

የደም ግፊት አንጎልን በሁለት መንገድ ይጎዳል። አንደኛው በድንገት የሚመጣው ስትሮክ ነው። ከጎጃም፣ ከአዊና ከደቡብ ጎንደር ታማሚ የሚላክባቸው የባሕር ዳሮቹ ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ስትሮክን ያለ ሲቲ ስካን በአግባቡ ማከም አይችሉም፤ የደም ሥር መዘጋትና የደም መፍሰስ ሕክምናቸው ተቃራኒ ነው፣ በእጅ ምርመራ ብቻም አይለዩም። በ2018 የታተመ፣ በባሕር ዳር የታከሙ የስትሮክ ታማሚዎችን መዝገብ የመረመረ ጥናት ዋናው አጋላጭ የደም ግፊት መሆኑን አሳይቷል። በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የተመዘገበው ሌላው ነገር የደም መፍሰስ ድርሻ ከምዕራቡ ዓለም መብለጡ ነው።

ሁለተኛው ድምፅ የለውም። ጥቃቅን የደም ሥሮች ለዓመታት እየጠበቡ የአንጎልን ነጭ ክፍል ያስርቡታል፤ በኤምአርአይ ይህ ክፍል ደመና እንዳጠላበት ነጥቶ ይታያል። በ1987 የቀረበው የፋዜካስ መለኪያ ይህን ከ0 እስከ 3 ይመድበዋል። ነጠብጣቦቹ 1 ደረጃ ላይ ሲሆኑ በአረጋውያን የተለመዱ ናቸው፤ ተገጣጥመው ሰፊ ሲሆኑ ግን የአስተሳሰብ ዝግመት፣ የማቀድ ችግርና የአረማመድ መበላሸት አብሯቸው ይመጣል። መድኃኒቱ የግፊት ክኒን በወቅቱ መዋጥ ነው፤ የጠፋውን ባይመልስም የሚቀጥለውን ጉዳት ያዘገያል።

ኢንፌክሽን

በጣና ዙሪያ የአንጎል ምስል ጥናት ከምዕራቡ ዓለም የሚለየው በዋናነት እዚህ ላይ ነው። ኤችአይቪ በደሙ ያለበት ሰው መቃዠትና መርሳት ሲጀምር ምስሉ ቶክሶፕላዝማን፣ የቲቢ እብጠትንና የአንጎል ሊምፎማን ለመለየት ያግዛል። ሦስቱም የቀለም መርፌ ከተሰጠ በኋላ ቀለበት መሰል ሆነው ሊታዩ ይችላሉ። በብዙ ቦታ የሚከተለው አካሄድ ለቶክሶፕላዝማ ሕክምና ጀምሮ ከሁለት ሳምንት በኋላ ምስሉን መድገም ነው፤ ቀለበቶቹ ካነሱ መልሱ ታወቀ ማለት ነው። የቲቢ ማጅራት ገትር ደግሞ የአንጎልን ሥረ ክፍል ሸፍኖ የውሃውን መውጫ ስለሚዘጋ በሕፃናት ላይ ክፍተቶቹ ሰፍተው ይታያሉ፤ በወቅቱ ካልተያዘ ከሞት የተረፈው ሕፃን በትምህርት ወደ ኋላ ይቀራል። ኤችአይቪ ራሱ በአስተሳሰብ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በተመለከተ፣ በ2007 የታተመ ጥናት ሕክምና ያልጀመሩ ኢትዮጵያውያንን ቫይረሱ ከሌለባቸው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ትንሽ ሆኖ አግኝቶታል። ውጤቱ ከሌሎች አገሮች የተገኘውን ግኝት በቀጥታ ወደዚህ ማምጣት እንደማይቻል አንድ ማሳያ ነው።

የጣና ዙሪያ ሜዳዎች ወባን ከጥንት ያውቁታል። በ1958 በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የተነሳው ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል። ወባ አንጎልን ሲይዝ ሕፃናትን ለምን እንደሚገድል ለረጅም ጊዜ አልታወቀም ነበር። መልሱን ያመጣው የኤምአርአይ ጥናት የተካሄደው በማላዊ፣ ብላንታየር ነው። በ2015 የታተመው ይህ ጥናት 168 ሕፃናትን ተከታትሏል፤ ከሞቱት 25 ውስጥ 21ዱ ሆስፒታል ሲገቡ አንጎላቸው ክፉኛ አብጦ ነበር፤ በሕይወት ከተረፉት 143 መካከል ግን እንዲህ ያበጠባቸው 39 ብቻ ናቸው። ያበጠው አንጎል የመተንፈሻ ማዕከሉን ይጫናል። ከሞት የሚተርፉትም ቢሆኑ የሚጥል በሽታና የትምህርት ችግር ሊከተላቸው ይችላል። ጥናቱ ከአፍሪካ ምድር የወጣና ዓለም አቀፍ ሕክምናን ያነቃ የአንጎል ምስል ምርምር ነው።

ጥገኛ ትሎችን በተመለከተ ክልሉ ልዩ መልክ አለው። በብዙ የአፍሪካና የላቲን አሜሪካ አገሮች ከአሳማ የሚመጣው የኮሶ ትል እጭ አንጎል ውስጥ ተቀብሮ የሚጥል በሽታ ያስከትላል፤ በሲቲ ላይም ጥቃቅን የኖራ ነጥቦች ይሆናል። በኢትዮጵያ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም የአሳማ ሥጋ ባለመብላቱ ይህ ሕመም ያን ያህል ገንኖ አይታይም። በጥሬ ሥጋ የሚመጣው የተለመደው ኮሶ የከብት ነው፤ እጩም በሰው አንጎል ውስጥ አይቀበርም። ስለዚህ ሌላ አገር የተጻፈ የምርመራ ቅደም ተከተል እዚህ ሲመጣ ይህን ተመልክቶ መስተካከል አለበት።

የሚጥል በሽታ

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ ገጠር ቤት ለቤት ባደረጉትና በ1990 ባሳተሙት ጥናት የሚጥል በሽታ ስርጭት ከሺህ ሰው 5.2 ሆኖ ተገኝቷል። አብዛኛው ታማሚ ሕክምና ሳያገኝ ወይም ጸበል ብቻ ተከትሎ ዓመታት ያልፋል፤ በነዚህ ዓመታት የሚደጋገመው መንቀጥቀጥ፣ ከእሳትና ከውሃ አደጋ ባሻገር፣ የማስታወስ ችሎታንም ይሸረሽራል። በኤምአርአይ ዘወትር የሚታየው ጉዳት ያለው ሂፖካምፐስ ላይ ነው። ይህ በጆሮ ግንድ ወደ ውስጥ በሚገኘው የአንጎል ክፍል ውስጥ የተሸሸገ፣ አዲስ ትዝታ የሚቀረጽበት አካል ነው። ሲጠነክርና ሲኮማተር የሚጥል በሽታው መነሻም የመርሳት ምንጭም ይሆናል። ሲቲ ስካን ይህን በአብዛኛው ያልፈዋል። ኤምአርአይ በማይገኝበት ቦታ ግን ምስል እስኪገኝ ድረስ ሕክምናን ማዘግየት ተገቢ አይደለም፤ ክኒኑ በሕመሙ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ ሊጀመር ይችላል።

ምስሉ ጤነኛ ሲሆን

ምስል የማይመልሰውን ጥያቄ ለማየት ከጓያ የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው አይገኝም። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋምና የጎርፍ ውሃ በሸሸበት እርጥብ መሬት ስለሚበቅል በደምቢያና በፎገራ የችግር ጊዜ እህል ነው። በውስጡ ያለው መርዝ ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን ከአንጎል ወደ እግር የሚወርዱትን ነርቮች ያበላሻል። በነዚሁ ወረዳዎች ቤት ለቤት የተደረገው፣ በ1990 የታተመው የፕሮፌሰር ረዳና የባልደረቦቻቸው ጥናት ሕመሙ በስፋት መኖሩን አረጋግጧል። ታማሚው በጉልበቱ ተሸብርኮ በዱላ ይሄዳል፣ አእምሮው ግን የተነካ አይመስልም፤ የአንጎል ምስሉም ብዙውን ጊዜ ጤነኛ ነው። እዚህ ላይ ምርመራውን የሚሰጠው የአመጋገብ ታሪኩና አረማመዱ ነው። የቪታሚን ቢ12 እጥረት፣ የእንቅርት ሆርሞን ማነስና ድብርትም እንዲሁ ሰውን ሲያዘነጉ ምስሉ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ የሚለያቸው የደም ምርመራና ጥሩ ቃለ መጠይቅ ነው።

ከምስሉ በፊት የሚመጣው የአእምሮ ፈተናም ጥንቃቄ ይሻል። በ1975 የወጣውና በዓለም የተስፋፋው አጭር ፈተና ቀን ይጠይቃል፣ ዓረፍተ ነገር ያጽፋል፣ ከ100 ላይ 7 እያስቀነሰ ያስቆጥራል። ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ በዚህ ሚዛን ጤነኛ ሆነው ሳሉ ሊወድቁ ይችላሉ። በ13ኛው ቀን «ትናንት ሚካኤል ነበር» ያሉ አዛውንት ግን ቀኑን በትክክል አውቀዋል፤ መርማሪው ይህን ካልቆጠረላቸው ምስሉን የሚያነበው ሐኪምም የተሳሳተ ጥያቄ ይዞ ይጀምራል።

አልዛይመርና መሰሎቹ

አሎይስ አልዛይመር በሽታውን በ1906 ካቀረበ ጀምሮ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል እርግጠኛ ምርመራው ከሞት በኋላ ብቻ ነበር። የምስል ምርምር ይህን በሦስት እርከን ለውጦታል። መጀመሪያ ቅርጹ ተለካ። ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ በ2009 የታተመ ትንተና፣ የአልዛይመር ታማሚ ሂፖካምፐስ በዓመት ወደ 4.7 በመቶ ሲኮማተር የጤነኛ አዛውንት 1.4 በመቶ ገደማ እንደሚኮማተር አሳይቷል። ከዚያ ፔት የአንጎልን የስኳር አጠቃቀም አሳየ፤ በአልዛይመር የጎንና የኋላ ክፍሎች፣ ባሕርይን በሚለውጠው የፊት አንጎል መመንመን ደግሞ የፊተኛው ክፍል ይደክማል። በመጨረሻም በ2004 የታተመው የፒትስበርግ ግኝት አሚሎይድ የተባለውን የፕሮቲን ዝቃጭ በሕይወት ባለ ሰው አንጎል ውስጥ አሳየ፤ ታው የተባለውን ሁለተኛ ፕሮቲን የሚያሳየው ንጥረ ነገር በአሜሪካ በ2020 ጸደቀ።

ግኝቱ አዲስ ጥያቄም ይዞ መጣ፤ የማስታወስ ችግር የሌለባቸው ብዙ አረጋውያን አሚሎይድ ተገኝቶባቸዋል። ስለዚህ አዎንታዊ ምስል ብቻውን የመርሳት በሽታ ማለት አይደለም። አሚሎይድን የሚያጸዳው ሌካኔማብ በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ ሲያገኝ ኤምአርአይ ተጨማሪ ሥራ ተሰጠው፤ መድኃኒቱ የአንጎል እብጠትና ጥቃቅን መድማት ስለሚያስከትል ምስሉ ከሕክምናው በፊትና በሂደቱ ደጋግሞ መነሳት አለበት። በ2025 ለአልዛይመር ምርመራ በአሜሪካ የተፈቀደው የደም ምርመራ ፔት ለሌላቸው አገሮች የቀረበ መንገድ ሊሆን ይችላል። በ2019 57 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዓለም የመርሳት በሽታ ታማሚ በ2050 ወደ 153 ሚሊዮን እንደሚያድግ ተገምቷል፤ ጭማሪው ከሚፈጥንባቸው አካባቢዎች አንዱ ምሥራቅ አፍሪካ ነው።

የምርምሩ ድክመቶችና የአፍሪካ ድርሻ

ጥናቶች ቡድንን ከቡድን ያወዳድራሉ፣ ሐኪም ግን አንድ ሰው ነው የሚያየው። የታማሚዎች አማካይ ከጤነኞች ቢለይም የአንዱ ታማሚ ምስል ከጤነኛው ጋር ሊገጥም ይችላል። በ2009 ተመራማሪዎች የሞተ ሳልሞን ዓሣ ተግባራዊ ኤምአርአይ ውስጥ አስገብተው፣ ስሌቱ ካልታረመ «የሚያስብ» የአንጎል ነጥብ እንደሚያወጣ አሳይተዋል። በ2022 የወጣ ሰፊ ትንተና ደግሞ የአንጎልን ምስል ከባሕርይ ጋር በእርግጠኝነት ለማገናኘት ሺዎች ተሳታፊዎች እንደሚያስፈልጉ አመልክቷል።

ሌላው ችግር መለኪያው ራሱ ነው። በዓለም ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት የአንጎል አትላስ ከ152 ወጣቶች አማካይ የተሠራ የሞንትሪያል ውጤት ነው። የትምህርት ዕድል፣ የልጅነት ምግብና ያለፉ ኢንፌክሽኖች አንጎልን ስለሚቀርጹ የአንድ የጎጃም አዛውንት ምስል «ተኮማትሯል» የሚባለው ከማን ጋር ተነጻጽሮ እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን በየዕድሜያቸው አንስቶ የራስን መመዘኛ ማዘጋጀት ነው። ለዚህ ግን መሣሪያው ያስፈልጋል፤ በ2018 የታተመ ቆጠራ በምዕራብ አፍሪካ 372 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ 84 የኤምአርአይ መሣሪያ ብቻ አግኝቷል።

ክፍተቱን ለማጥበብ የወጣው አንዱ መንገድ ማግኔቱን ማሳነስ ነው። በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ተንቀሳቃሽ ኤምአርአይ ኃይሉ 0.064 ቴስላ ብቻ ነው፤ ሂሊየም አይፈልግም፣ ከተራ ሶኬት ይሠራል፣ ወደ አልጋው ይገፋል። ምስሉ ደብዘዝ ያለ ነው። ነገር ግን የሰፋ ክፍተትን፣ ትልቅ ስትሮክንና የተገፋ መካከለኛ መስመርን ያሳያል፤ በጣና ዙሪያ ቀድመው የሚጠየቁት ጥያቄዎች ደግሞ በብዛት እነዚህ ናቸው። ሁለተኛው መንገድ ሰው ማሠልጠን ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ምስሉን የሚያነበው ራዲዮሎጂስት፣ ታሪኩን የሚጠይቀው የነርቭ ሐኪምና መሣሪያውን የሚጠግነው መሐንዲስ በአንድነት ካልተገኙ የተገዛው መሣሪያ ምርመራም ምርምርም አያወጣም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ቅደም ተከተል ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ታሪክ፣ የደም ምርመራና ለአካባቢው የተስተካከለ የአእምሮ ፈተና፤ ቀጥሎ የተጠራቀመ ደምን፣ ውሃን፣ ዕጢንና ስትሮክን ለመፈለግ ሲቲ ስካን፤ ከዚያ ለሚጥል በሽታ፣ ለኢንፌክሽንና ለጥቃቅን የደም ሥር ሕመም ኤምአርአይ፤ በመጨረሻም መልሱ ሕክምናውን የሚለውጥ ሲሆን ብቻ ፔት።